የማይሟሟ

ውሃ ሲወስድ፣ ይባላል፣ እያሳሳቀ ነው፤
ድንጋዩ ይህን ተረት ከሰው ቀድሞ ኖረው።

ስም አውጪ ሳይመጣ፣ ዝናብ ብቻ ሳለ፣
ጠብታ ከዐለት ጋር ሚሊዮን ዓመት ዋለ።
መጀመሪያ ጨዉን ለመነው፤ ሰጠው።
ቀጥሎ ኖራውን፤ ያንንም አልነፈገው።
በመጨረሻ ሲሊካውን፣ የአጥንቱን ብርጭቆ፣
በለስላሳ እጁ፣ ቀስ ብሎ፣ አሳስቆ
ይዞት ወረደ ወደ ባሕር።

የቀረው ምንድን ነው?
እምቢ ያለው።
ክብ ክብ፣ ሽንብራ የሚያህል፣
ነጭና ሮዝ፣ ሲቀምሱት ምላስ ላይ የሚጣበቅ፣
ሟሙቶ ያላለቀ
የአንድ ተራራ ትዝታ።
ቦክሳይት አሉት በኋላ።

ነጭ አሸዋ መጥቶ ከላይ ከደነው፤
ጫካ በቀለበት፤ ጫካውም ረሳው።

ሊንደን፣ ጉያና፣ በደመራራ ዳር።
የወንዙ ስም በእኛ አፍ ደማሪ ይመስላል፤
ሥራው ግን መቀነስ ነው፤ ሲቀንስ ይውላል።
ብዙ እንደ ፈላ ሻይ በጠቆረው ውሃ
መርከብ ባዶውን ሽቅብ ይመጣል፣
ሆዱን ሞልቶ ቁልቁል ይሄዳል።
አፈሩ ሩቅ አገር ደርሶ ብረት ይሆናል፤
ድስት ሆኖ ሲመለስ
ሚስ ዩላሊ ቦቬል በሦስት ወር ዱቤ ገዛችው፣
ሩዝና አተር ልትቀቅልበት።

ነፋሱን ሳትጠይቅ ልብስ አጥባ አታውቅም።
ከምድጃው ጭስ ማውጫ የሚወርደው ዱቄት
አንሶላውን፣ የማንጎውን ቅጠል፣ የድመቷን ጀርባ
አንድ ቀለም ያደርገው ነበር።
ባሏ ኤግበርት ማታ ሲገባ
ሽፋሽፍቱ የሽማግሌ፣ ሳቁ የጎረምሳ።
ባልዲው ክፍል የሚያህል ማሽን ነበር የሚነዳው፤
ስልሳ ክንድ አሸዋ ገፎ ነው
ጥቂት ክንድ ማዕድን የሚያገኘው።
«እኔ ቆፋሪ አይደለሁም» ይል ነበር፣
«ብርድ ልብስ ገላጭ ነኝ፤
የተኛውን ቀስቅሼ ለእንግዳ የማስረክብ።»

የኩባንያው ጡሩምባ ሲጮህ ከተማው ይነሳል፣
ሲጮህ ይበላል፣ ሲጮህ ይተኛል።
አንድ ማክሰኞ አልጮኸም።
ሰው ሁሉ አርፍዶ ተነሳ፤
ዶሮዎቹ ብቻ አልተገረሙም።

ከዚያ ወዲያ ዝናቡ ሰው ላይ መዝነብ ጀመረ።
በኩር ልጇን ወሰደው፣ ወደ ቶሮንቶ።
ቀጥሎ የጎረቤት ልጆችን፣ አስተማሪዋን፣
የጥርስ ሐኪሙን ከነወንበሩ።
ሻንጣ አንጠልጥለው፣ «እንመለሳለን» እያሉ፣
ሁሉም እየሳቁ ነው የሄዱት።
ኤግበርትን ሳንባው ነው የወሰደው፤
እሱ አልሳቀም።

ጉድጓዱም ሞላ።
ፓምፑ ዝም ሲል ውሃ ራሱ መጣ፣
ሰማያዊ፣ እንዲያውም ከሰማይ የባሰ፣
ዓሣ የማይኖርበት፣ ጥርስ የሚያጠርስ፣
ለፎቶ ብቻ የሚያምር።
ሂሳቡ እንዲህ ተዘጋ፦
ያኔ ውሃ ሁሉን ወሰደና ድንጋይ ተወ፤
ዛሬ ሰው ድንጋይ ወሰደና ውሃ ተወ።

ባለፈው ነሐሴ የልጅ ልጇ ኦርዊን መጣ።
በመስኮት ያነሳውን የአውሮፕላን ክንፍ አሳያት፤
መነጽሯን አድርጋ ብዙ አየችው፣
የምታውቀውን ሰው ፊት እንደምትፈልግ።
«አያቴ፣ እዚህ ምን ቀረሽ? ነይ እንሂድ።»

መልስ አልሰጠችም።
መደርደሪያው ላይ ካለው ጣሳ
አንዲት ፍሬ አወጣች፣ ሽንብራ የምታህል፣
ኤግበርት በመጨረሻው ቀን በኪሱ ያመጣት።
ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጣለቻትና
«ጠብቅ» አለችው።

ሁለት ሳምንት ሰነበተ።
በየጠዋቱ፣ ጥርሱን እየፋቀ፣ ብርጭቆውን ያያል።
በሚሄድበት ቀን
ታክሲው ደጅ ቆሞ ጡሩምባውን ሲነፋ
ፍሬዋ እዚያው ነበረች፣ እንደተጣለች።

አያቱ ጣቷን በምራቅ አርጥባ
ነፋሱን ለካች፤
አቧራ ከቀረ ስንት ዓመቱ፤ ልማድ ነው፤
አንሶላዋን ልታሰጣ ወጣች።